ትኬቱ የሚሸጥልን ምንድን ነው?

በአገራችን ሲኒማ ቤቶች የትኬት መስኮት ላይ የሚለጠፈውን ጽሑፍ ልብ ብላችሁ አንብባችሁት ታውቃላችሁ? «የመግቢያ ዋጋ» ይላል። «የመመልከቻ ዋጋ» ወይም «የፊልም ዋጋ» ሲል እኔ አላየሁም። መግቢያ ነው። ቃሏ ትንሽ ትምሰል እንጂ፣ በእኔ አመለካከት ሁልጊዜ ስለምናማርረው የሲኒማ ቤት መስተንግዶ ብዙ ነገር ታስረዳለች። የተሸጠልን መግባት ከሆነ፣ በሩን አልፈን እንደገባን ግብይቱ አለቀ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ፊልሙ በሰዓቱ ቢጀመር፣ ድምፁ ቢሰማ፣ ወንበሩ ባይወላልቅ፣ ሠራተኛው በደህና ቃል ቢያናግረን፣ ይሄ ሁሉ እንደ ምርቃት ነው የሚታየው። ምርቃት ደግሞ ቀረብኝ ተብሎ አይከሰስም።

ውድ አንባብያን፣ ስለ ደንበኛ አያያዝ የሚጻፉ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የሠራተኛውን ጠባይ ይወቅሳሉ። ፈገግታ የላቸውም፣ ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል ይባላል። ሥልጠናውን አልጠላም። ግን አንድ ነገር ግር ይለኛል። መስኮቱ ኋላ ተቀምጣ ቀና ብላ የማታየን ሴት፣ ቤቷ እንግዳ ሲመጣባት ቡና ሳታፈላ አትሸኝም። ሦስተኛውን ሳትጠጡ አትሄዱም ብላ የምትሟገት እሷው ናት። ታዲያ መስኮቱ ኋላ ስትቀመጥ ምን ትሆናለች? ጠባይዋን ቤቷ ጥላው መጥታ አይመስለኝም። ሥራው ራሱ ሌላ ነገር እንድታደርግ ስለሚጠብቅባት ነው። ያ ሌላ ነገር ምን እንደሆነ በዚህ ጽሑፍ እንደ አቅሜ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

መጀመሪያ ግን ጉዳዩን እንድከታተል ያደረገኝን ልናገር። ባለፈው ክረምት አባቴ ለዓይናቸው ሕክምና ከኩልመስክ መጥተው አዲስ አበባ አክስቴ ቤት አርፈው ነበር። ኩልመስክን ለማታውቁ፣ ላስታ ውስጥ ከላሊበላ ብዙም የማትርቅ የደጋ ከተማ ናት፤ ሲኒማ ቤት የላትም። አባቴ በዕድሜያቸው ሲኒማ ቤት ገብተው አያውቁም። ሐኪሙ «ደህና ነዎት» ካላቸው በኋላ፣ ዓይናቸው ከዳነ አይቀር አንድ የአማርኛ ፊልም በትልቁ ላሳያቸው ብዬ ከአክስቴ ጋር ወሰድናቸው። የሲኒማ ቤቱን ስም አልጠራም። ስሙን ብጠራው አንባቢ እዚያ አልሄድም ብሎ ሌላው ጋ ይሄዳል፤ ሌላውም ጋ ያው ነው።

መስኮቱ ላይ «የስንት ሰዓቱ ነው የሚሸጠው?» ብዬ ስጠይቅ፣ ልጅቷ ከስልኳ ቀና ሳትል በእስክሪብቶዋ ግድግዳውን አሳየችኝ። ግድግዳው ላይ የሦስት ፊልም ፖስተር ነበር። ሦስት ትኬት ቆረጥኩ፤ ለእኔ የሁለት ቀን ምሳ የሚሆን ገንዘብ ነው። በሩ ላይ ጥበቃው አባቴን ከእግር እስከ ራስ አያቸው። ጋቢ ለብሰዋል፣ ዱላ ይዘዋል። «አንተ! ዱላህን እዚህ ጣል» አላቸው። አንተ ነው ያላቸው፣ ስልሳ ዓመት ያለፋቸውን ሰው። ፍተሻውን አልቃወምም፣ ዱላ አዳራሽ ውስጥ አይገባም ቢባልም ይገባኛል። «አባባ፣ ዱላዎን እዚህ እናስቀምጥልዎ» ቢል ግን የሚጨምርበት ሁለት ሴኮንድ ብቻ ነበር። አባቴ ምንም ሳይሉ ዱላቸውን ግድግዳው ጥግ አቁመው ገቡ።

የ8 ሰዓቱ ፊልም 8 ሰዓት ከ35 ላይ ተጀመረ። መሃል ላይ ደርሶ ድምፁ ጠፋ፤ ትንሽ ቆይቶ ምስሉም ጠፋ። አዳራሹ በፉጨት ተናጋ። ማንም መጥቶ ምን እንደሆነ አልነገረንም። ከሩብ ሰዓት በላይ ጨለማ ውስጥ ከተቀመጥን በኋላ ፊልሙ ተመልሶ መጣ፤ ግን ካቆመበት ዘልሎ ነው። ሙሽራዋ ስታለቅስ ነበር የተውናት፣ ስንመለስ ልጅ ወልዳለች። አባቴ ጆሮዬ ጋ ጠጋ ብለው «ያለፈውን መልሰው ያሳዩናል?» አሉኝ። ወጥቼ መስኮቱ ላይ ጠየቅኩ። «እህቴ፣ ከገባችሁ በኋላ እኛን አይመለከትም» የሚል መልስ ተሰጠኝ። ያቺን «መግቢያ» የምትለዋን ቃል መጀመሪያ ልብ ያልኳት ያን ጊዜ ነው። ስንወጣ አባቴ ዱላቸውን አንስተው፣ «ልጄ፣ ሰዎቹ እርስ በርስ የተጣሉ ናቸው መሰለኝ» አሉ። እሳቸው ያገኙት ምክንያት ይሄ ነው። እንግዳ ተቀብሎ እንዲህ የሚሆን ቤት፣ ውስጡ ጠብ ቢኖር ነው እንጂ!

እንግዲህ ወደ ምክንያቱ። ለዚህ ጽሑፍ ብዬ በሌላ ሲኒማ ቤት በር ላይ ትኬት የሚቀድ ልጅ አነጋግሬ ነበር። «ስሜን እንዳትጽፊ» ስላለኝ አልጽፍም። የነገረኝን በአጭሩ ላስቀምጠው። የአማርኛ ፊልም ሲታይ ገቢው ለሲኒማ ቤቱና ለባለ ፊልሙ ይከፈላል። ስለዚህ ስንት ሰው ገባ የሚለው ቁጥር የሁለት ወገን ገንዘብ ነው። ትኬቱ ሲቀደድ ግማሹ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ማታ ጉርዱ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለውና የተሸጠው ተመሳክሮ ይቆጠራል። አንዳንዴም የባለ ፊልሙ ሰው በር ላይ ቆሞ ራስ ይቆጥራል። አንድ ሰው ያለ ትኬት ቢገባ ልጁ ይጠየቃል፣ ከደመወዙም ሊቆረጥ ይችላል። አንድ ሽማግሌ ተንጓጠው ቢወጡ ግን የሚጠይቀው የለም። እኔ ይሄን ስሰማ ብዙ ነገር ተገለጠልኝ። በሩ ላይ የቆመው ልጅ እንግዳ ተቀባይ አይደለም፣ ቆጣሪ ነው። መስኮቷ ላይ ያለችውም ቆጣሪ ናት። ከእነሱ የሚፈለገው ቁጥሩ እንዳይጎድል ነው፤ ሥራቸውንም በደንብ እየሠሩ ነው! ተመልካቹ ተደስቶ ወጣ ወይ የሚለውን የሚቆጥር ሰው ግን አልተቀጠረም።

ሰዓቱስ? ለምንድን ነው የ8 ሰዓት ፊልም በ8 ሰዓት የማይጀመረው? ይሄን ለማስረዳት ከመናኸሪያ የተሻለ ምሳሌ የለም። ሚኒባሱ ውስጥ መጀመሪያ የገባ ሰው ሒሳቡን ከፍሎ መጨረሻ የሚመጣውን ሰው ይጠብቃል። «ሊሞላ ነው፣ ሁለት ሰው ብቻ!» እየተባለ ሰዓት ያልፋል። ቀድሞ የመጣ ይቀጣል፣ የዘገየ ይጠቀማል። ብዙ ሲኒማ ቤቶቻችንም እንዲህ ናቸው። ወንበሩ ቁጥር የለውም፣ አዳራሹ ግማሹ ባዶ ነው፣ አሥር ሰው በር ላይ አለ፤ ለምን ይጀመራል? ባለ አዳራሹ የሚያጣው ነገር የለም። ውስጥ ያለው ሰው ከፍሏል፣ ትኬቱም ተቀዷል፣ የት ይሄዳል? የእኛ ጊዜ ዋጋ ስለሌለው ነው ብለው የሚያማርሩ አሉ። እንደኔ እንደኔ ጊዜያችን ዋጋ አለው፤ ግን ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው።

ጠባዩ የዛሬ ብቻም አይደለም። በአገራችን የሲኒማ ታሪክ ውስጥ ተመልካች ተለምኖ የገባበት ዘመን አጭር ነው። መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ ፊልም የሚታይበትን ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ነበር የሚጠራው፤ ግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀስ ሰው የሰይጣን ሥራ ይመስል ነበርና። ያን ጊዜ ባለ ቤቶቹ ሰው ማባበል ነበረባቸው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ደግሞ በዘር ሕጉ ነጩንና ጥቁሩን በየፊናው አስቀመጠ፤ ፒያሳ የሚገኘው ሲኒማ ኢትዮጵያ በዚያ ዘመን ሲኒማ ኢታሊያ ነበር። የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ሕንፃም ጣሊያኖች ሲኒማ ማርኮኒ ብለው የጀመሩት ነው፤ በ1948 ዓ.ም ተጠናቆ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተከፈተ። የደርግ መንግሥት ሲመጣ ሲኒማ ቤቶቹ ተወርሰው የመንግሥት ሆኑ። መንግሥት ባለ ሱቅ ሲሆን ደንበኛ «ተረኛ» ይባላል፤ ቀበሌ የስኳር ሰልፍ የቆመ ቤተሰብ ያለው ያውቀዋል።

ቀጥሎ የመጣው ሌላ ዓይነት ሰልፍ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም በቪዲዮ የተቀረጹ የአማርኛ ፊልሞች ወደ አዳራሾቹ ገቡ። የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። አክስቴ እንደምትነግረኝ በዚያ ዘመን አምባሳደርና ሲኒማ ኢትዮጵያ በር ላይ እሑድ እሑድ የነበረው ሰልፍ ሕንፃውን ይዞር ነበር። የራሳችንን ሰው፣ በራሳችን ቋንቋ፣ በትልቁ! ሰው ፀሐይም ዝናብም ችሎ ይሰለፋል። ሰልፍ ካለ ደግሞ ትሕትና ምን ያደርጋል? አንዱ ተቆጥቶ ቢሄድ ኋላው ሃምሳ ሰው አለ። የግል ሲኒማ ቤቶችም ተከተሉ። የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ዓለም ሲኒማ፣ የቴዎድሮስ ተሾመ የራሱ ሴባስቶፖል፣ ቦሌ ላይ ኤድና ሞል ውስጥ የተከፈተው ማቲ ሲኒማ መጡ። እነዚህ ምቾቱን አሻሻሉት፤ ወንበሩም ድምፁም ከድሮው ተለየ። በር ላይ ያለው አነጋገር ግን፣ እኔ በደረስኩበት ዘመን እንዳየሁት፣ ከሰልፉ ዘመን ብዙ አልራቀም። ሰልፉ የለም፣ ጠባዩ ቀርቷል። ከ2008 ዓ.ም ጀምሮ ቃና ቴሌቪዥን የቱርኩን ድራማ በአማርኛ እያናገረ ሳሎናችን አስገባልን፤ ኋላ ደግሞ ፊልሙ ሁሉ ዩቲዩብ ላይ መጣ። ዛሬ ተቆጥቶ የሚወጣ ሰው ኋላው ሃምሳ ሰው የለም። ኪሱ ውስጥ ስልኩ አለ።

አሁን ፍትሐዊ ለመሆን ስለ መብራቱ ልናገር። መብራት መጥፋቱ የሲኒማ ቤቱ ጥፋት አይደለም። ጄኔሬተር ቢኖርም ፕሮጀክተር እንደ ቤታችን አምፑል ወዲያው አይበራም። ውስጡ ያለው ላምፓ በጣም የሚግል ስለሆነ በድንገት ሲጠፋ መቀዝቀዝ አለበት፤ ሳይቀዘቅዝ ቢለኮስ ዕድሜው ያጥራል፣ ሊበላሽም ይችላል። ፊልሙን የሚያጫውተው ኮምፒውተርም ተነስቶ እስኪዘጋጅ ደቂቃዎች ይፈልጋል። ስለዚህ አሥር ደቂቃ ያህል ጨለማ ውስጥ መቀመጥ ላይቀር ይችላል። ይሄን እኔም ስጠይቅ ነው ያወቅኩት። ጥያቄዬ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ይሄን እኔ አሁን በአምስት መስመር ጻፍኩት፣ ለመናገር ደግሞ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። «ክቡራን ተመልካቾች፣ መብራት ስለተቋረጠ ነው፤ መሣሪያው እስኪቀዘቅዝ አሥር ደቂቃ ታገሡን፣ ካቆመበት እንቀጥላለን» የሚል አንድ ሰው ቢወጣ ያ ሁሉ ፉጨት አይኖርም ነበር። ፉጨቱ በጨለማው አይመስለኝም፣ በዝምታው ነው።

ለዚህ የሚሆን ምሳሌ የራሳችን ታሪክ ውስጥ አለ። ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም «ድፍረት» የተሰኘው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም በብሔራዊ ቴአትር ሊመረቅ ታዳሚው ቦታ ቦታውን ይዞ ነበር። ፊልሙ በጠለፋ ጋብቻ ላይ የተሠራ፣ አንጀሊና ጆሊ በፕሮዲዩሰርነት ስሟን የሰጠችው ነው። ሊታይ ሲል በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። ይሄ እንግዲህ ከመብራት መጥፋት የባሰ ነው፤ ፊልሙ ጭራሽ አይታይም። ነገር ግን ዳይሬክተሩ መድረክ ላይ ወጥቶ የፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዳለና እንዲያቆሙ እንደተነገራቸው ለታዳሚው ራሱ አስረዳ። (ፊልሙ በኋላ እገዳው ተነስቶለት ታይቷል።) ያን ምሽት ሰው አዝኖ ወጥቶ ይሆናል፤ ለምን እንደወጣ ግን ያውቃል። የእኛ ሲኒማ ቤት ግን ለአንድ ሽቦ መላቀቅ እንኳ ሰው አልላከልንም።

በውጭው ዓለም ችግሩ የለም እንዳይመስላችሁ። ሕንድ ውስጥ በቤንጋሉሩ ከተማ አንድ ተመልካች እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ትኬቱ ላይ በተጻፈው ሰዓት ሄዶ 25 ደቂቃ ያህል ማስታወቂያ ሲያሳዩት ቆዩ። ከፊልሙ በኋላ ሥራ ነበረበት፣ ሥራው ተበላሸበት። ዝም አላለም፤ ፒቪአር የተባለውን ትልቁን የሲኒማ ኩባንያ ከሰሰ። የሸማቾች ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2025 ለባከነው ጊዜ 20,000 ሩፒ እንዲከፈለው፣ 100,000 ሩፒ ደግሞ ለሸማቾች ፈንድ እንዲገባ፣ ትኬት ላይም ፊልሙ ራሱ የሚጀመርበት ትክክለኛ ሰዓት እንዲጻፍ ወሰነ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ውሳኔውን አግዶታል፤ ስለዚህ ሰውየው አሸነፈ ብዬ አልደመድምም። እኔን የገረመኝ ክርክሩ ራሱ ነው። ትኬት ላይ የተጻፈ ሰዓት ቃል ነው ወይስ ጌጥ ነው ተብሎ ፍርድ ቤት ቆመው ተከራከሩበት። የአሜሪካው አላሞ ድራፍትሃውስ የሚባለው ሲኒማ ቤት ደግሞ በሌላ በኩል ይታወቃል። ፊልም እየታየ ስልክ የሚነካካ ሰው ያስወጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 አንዲት የተባረረች ደንበኛ ደውላ የተወችውን የስድብ መልእክት ከፊልም በፊት ማስታወቂያ አድርጎ አሳየው! ይሄ ቤት የሚሸጠው መግቢያ እንዳልሆነ ገብቶታል፤ የሚሸጠው በጸጥታ መመልከት ነው። እኛ ጋ ኋላዬ የተቀመጠው ሰውዬ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ በስልክ ሲደራደር ድርድሩን እስከ መጨረሻው ሰምቼዋለሁ። በስንት እንደተስማሙም አውቃለሁ።

ሕግ የለንም ወይ? አለ። በ2006 ዓ.ም የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ከዚህም አልፎ ማንኛውም ነጋዴ ሸማቹን በትሕትናና በአክብሮት ማስተናገድ እንዳለበት፣ ሸማቹም ከስድብና ከዛቻ የተጠበቀ እንደሆነ በግልጽ ጽፏል። ትሕትና በአዋጅ! እኔ መጀመሪያ ሳነበው ሳቄ መጥቶ ነበር። ደግሜ ሳስበው ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ጥበቃው ለአባቴ «አንተ» ሲላቸው ያጎደለው ይሉኝታን ብቻ አልነበረም ማለት ነው። አዋጁ ጉድለት ያለበት አገልግሎት የተሰጠው ሰው አገልግሎቱ ያለ ክፍያ እንደገና እንዲሰጠው ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችልም ይላል። ስለዚህ «ያለፈውን መልሰው ያሳዩናል?» የሚለው የአባቴ ጥያቄ የባላገር የዋህነት አልነበረም። ሕጉን ሳያውቁት ሕጉን ነው የጠየቁት። ችግሩ ሕጉ መስኮቱ ላይ አልተለጠፈም። መስኮቱ ላይ የተለጠፈው «የተሸጠ ትኬት አይመለስም» የሚለው ነው። ለአንድ ትኬት ብሎ ንግድ ቢሮ አቤቱታ የሚያስገባ ሰው ደግሞ ማን አለ? ለትራንስፖርት የሚወጣው ከትኬቱ ይበልጣል።

እዚህ ላይ ወደ ኩልመስክ ልመልሳችሁ፤ እዚያ ያየሁት ነገር ለዚህ ጥያቄ መልስ አለውና። ልጅ ሳለሁ ከተማችን ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነበር። በጭቃ የተመረገ፣ ቆርቆሮ የለበሰ አንድ ክፍል፤ የባሕር ዛፍ አግዳሚ፤ ፊት ለፊት አንድ ቴሌቪዥንና ዴክ። በሩ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ቆሞ የቀኑ ፊልም በጠመኔ ይጻፍበታል። የሕንድ ፊልም፣ የጃኪ ቻን፣ አንዳንዴ የአማርኛ፤ ቅዳሜና እሑድ ኳስ። አንድ ብር ነው መግቢያው፣ ለኳስ ሁለት። ባለቤቱን ሁላችንም «አያ» ነበር የምንለው። ሴት ልጅ ቪዲዮ ቤት መግባቷ እንደ ነውር ስለሚታይ እኔ ወንድሜን ተከትዬ ነበር የምገባው። አያ የፊተኛውን አግዳሚ ለሴቶችና ለትንንሾች ለይቶ፣ ማንም ከኋላ ጎንተል እንዳያደርገን ራሱ ዳር ላይ ይቀመጥ ነበር። እናቴ የፈቀደችልኝም እሱን አምና ነው።

ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፅ አይሰማም። አያ ምን ያደርጋል? ፊልሙን ያቆመዋል። ዝናቡ አባርቶ ድምፅ እስኪሰማ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን፣ እሱም እስካሁን ያየነውን ላልገባቸው ይተርካል። መብራት ጠፍቶ ካልመጣ ደግሞ ካርቶን ቀዶ ፊርማውን እያኖረ ያድለናል፤ በማግስቱ በዚያች ካርቶን እንገባለን። ካቆመበት ቦታ ነው የሚቀጥለው። ቦታውን እኛ ብንረሳ እሱ አይረሳም።

ቪዲዮ ቤት ገነት ነበር እያልኩ አይደለም። ጠባብ ነው፣ የእግር ሽታው አይጣል ነው፣ ከትምህርት ቤት የሚፎርፉ ልጆች የሚደበቁበትም እሱ ነበር። አያም ቢሆን መልአክ አልነበረም፤ የሚጠላውን ልጅ በጆሮው ይዞ ሲያወጣ አይቻለሁ። ግን ካርቶኗን ባይሰጠን በማግስቱ ምን እንደሚደርስበት ያውቃል። እናቴ ገበያ ላይ ታገኘዋለች። አጎቴ ለቅሶ ቤት አጠገቡ ይቀመጣል። «የልጆቹን ብር በላህ አሉ» መባል አለ። እሱ ዘንድ የአዋጁን ሥራ የሚሠራው ይሄ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ትኬት ቆራጯና እኔ ዳግመኛ የምንገናኝበት ለቅሶ ቤት የለም። የማያውቅህ ሰው አያፍርህም፤ ስለዚህ ኩልመስክ ላይ እፍረት የሚሠራውን ሥራ ከተማ ላይ የተጻፈ ነገር መሥራት አለበት። ትኬቱ ላይ የታተመ ትክክለኛ ሰዓት፣ የወንበር ቁጥር፣ ፊልም ሲቋረጥ የሚሰጥ የመልስ ትኬት፣ ሲበላሽ ወጥቶ የሚናገር ሰው። እነዚህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም። ካርቶንና ፊርማ ናቸው።

ያ ቪዲዮ ቤት ዛሬ የለም። ስልክ ነው መጀመሪያ ያቀዘቀዘው። በ2013 ዓ.ም ክረምት ጦርነቱ ላስታ ሲደርስ ደግሞ ላሊበላና አካባቢዋ ለብዙ ወራት ያለ መብራት ቆዩ፤ በዚያ ጊዜ ፊልም የሚያስብም አልነበረም። አሁን ልጆቹ በየግላቸው አንገታቸውን ደፍተው ያያሉ። አባቴም ስልካቸው ላይ ወንድሜ የጫነላቸውን ድራማ ያያሉ አሉ። «እዚህ ውስጥ ማንም ዱላህን ጣል አይለኝም» ብለው ሲቀልዱ ስልክ ላይ ሰማኋቸው። እኔ ግን ቅር ይለኛል። ፊልም ከማያውቁት ሰው ጋር አብሮ ሲስቁበት ሌላ ነገር ነው፤ በዚያ ቀንም ድምፁ ከመጥፋቱ በፊት አባቴ ከማያውቋቸው ሁለት መቶ ሰዎች ጋር አብረው ሲስቁ አይቻቸዋለሁ። ሲኒማ ቤት ሌላው የማይሸጠው ዕቃው እሱ ነበር።

ለማንኛውም፣ ሰው ላይ ጣት ከመቀሰር በፊት ደጃችንን እንይ። የእኛው ዲፓርትመንት የአርብ ምሽት የፊልም ፕሮግራም ማስታወቂያው ላይ 11 ሰዓት ይላል። ስንት ሰዓት እንደሚጀመር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ባለፈው ወር ስፒከሩ ሲበላሽ ሃያ ደቂቃ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠን ነበር፤ አዘጋጆቹ እዚያው ፊት ለፊታችን ሽቦ ሲነካኩ አንዳቸውም ዞር ብለው አልነገሩንም። እነሱም ጓደኞቻችን ናቸው፣ ክፋት የለባቸውም፤ ሽቦው ላይ ነበር ሐሳባቸው። ስለዚህ ለክበቡ ሁለት ነገር በጽሑፍ አቅርቤአለሁ። አንደኛው ማስታወቂያው ላይ በር የሚከፈትበትና ፊልሙ የሚጀመርበት ሰዓት ለየብቻ እንዲጻፍ ነው። ሁለተኛው በየፕሮግራሙ ሽቦ የማይነካ፣ ሥራው ተነስቶ መናገር ብቻ የሆነ አንድ ሰው እንዲመደብ ነው። የመጀመሪያው ገና እየታየ ነው። ለሁለተኛው ግን የሚቀጥለው አርብ ተረኛ እኔ ነኝ።